ሁለቱንም ክንድ ለለካሽው ሲስተር

የእህታችንን የታካያሱ ሕመም፣ ትልልቆቹን ደም ቅዳዎች በብግነት የሚያጠብበውን፣ ሰምታችሁ ለጠየቃችሁንና ለጸለያችሁልን ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የሆነውን ታውቁታላችሁና አንደግመውም።

ሲስተር፣ ስምሽን እንዳንጠራ አስምለሽናልና አንጠራውም። የግራ እጇ ትርታ አልጨበጥ ሲልሽ እንዲሁ አላለፍሽም። አምስት ደቂቃ አሳረፍሻት፣ ክንዷን ከልቧ እኩል አድርገሽ የደም ግፊቷን በቀኙም ለካሽ። ግራው 90፣ ቀኙ 150! የላይኛው ቁጥር በሁለቱ ክንዶች ከ10 በላይ ከተራራቀ መንገድ ላይ የጠበበ ደም ቅዳ መጠርጠር እንዳለበት ያስረዳሽን አንቺ ነሽ። ብግነቱ ያጠበበው ቧንቧ ወደ ክንዱ የሚያሳልፈው ደም ስለሚያንስ፣ በዚያ ክንድ የሚነበበው ቁጥር ትክክለኛውን ግፊት ይደብቃል። በግራው ብቻ ቢለካ «ግፊትሽ ዝቅ ብሏል፣ ጨው ጨምሪ» ትባል ነበር። (ተብላም ነበር፤ እሱን ትተነዋል።) ማዳመጫውን ከአንገት አጥንቷ በላይ አስጠግተሽ ደሙ በጠባቡ ሲሾልክ የሚያሰማውን «ሹ» የሚል ድምፅ ሰማሽና ሐኪም ልትጠሪ ሮጥሽ። እዚህ ላይ ስንደርስ ሁሌም እንባ ይቀድመናል። ካርዷ ላይ በቀይ የጻፍሽው «በቀኝ ክንድ ብቻ ይለካ» አሁንም በየቀጠሮው የምናሳየው ነው።

ዶክተሮቻችን፣ ብግነቱን የሚያበርድላት ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ አዳክሞ የተደበቀ ቲቢ ሊቀሰቅስ ስለሚችል አስቀድማችሁ ስለመረመራችኋት እናመሰግናለን።

ፋርማሲስቱ ወንድማችን፣ ሌላው የብግነት መድኃኒቷ ሜቶትሬክሴት በሳምንት 1 ቀን ብቻ እንደሚዋጥ ሦስቴ አስደግመኸናል፤ ባለ 2.5 ሚሊ ግራሙ 6 ፍሬ ማክሰኞ፣ ፎሊክ አሲዱ ሐሙስ። በየቀኑ ቢዋጥ መቅኔን ጎድቶ የደም ሴሎችን ያሳንሳል፤ በስህተቱ ሰው የሚሞትበት መድኃኒት ነው። ፕሬድኒሶሎኑንም «ተሽሎኛል» ብላ ድንገት እንዳታቆም የነገርካት አንተ ነህ። ለወራት ሲወሰድ፣ ይህንኑ የመሰለ ሆርሞን ለሰውነት የሚሠሩት ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ሥራ ይፈታሉ፤ ቀስ እያለ ካልተቀነሰ ድካም፣ ማስመለስ፣ ራስን መሳት ይከተላል።

የእድራችን አባላት፣ የማኅበሯ እህቶች፣ የሥራ ባልደረቦቿ፣ ከዋሽንግተንና ከዱባይ እጃችሁን የዘረጋችሁ፣ በጅምላ ማመስገናችንን ይቅር በሉን። ደም ምርመራውን በሌሊት ተሰልፎ ያስቆረጠልንን ልጅ እንኳ ስሙን ሳንጠይቅ ቀርተናል።

ሲስተር፣ እናታችን እሑድ ቡና ታፈላለች። ተረኛ ነኝ እንዳትይ፤ ጠይቀን አውቀናል።