የሚቀረው ሎብ ደም መልስም ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ሳንባ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲነገር ሁሉም የሚጠይቀው የዕጢውን መጠንና ደረጃ ነው። ከሳንባ ደም የሚመልሱት ሥሮች ግን ይረሳሉ።

በተለመደው አፈጣጠር አራት የሳንባ ደም መልሶች ደሙን ወደ ልብ የግራ የላይኛው ክፍል ያስገባሉ። ከመቶ አንድ በማይሞሉ ሰዎች ላይ አንዱ መንገድ ይስትና ወደ ቀኝ ልብ በሚያመራ ትልቅ ደም መልስ ውስጥ ይገባል። ኦክስጅን የያዘው ደም ለሰውነት ሳይደርስ ተመልሶ ወደ ሳንባ ይዞራል። የአንድ ሎብ (ሳንባ ከተከፈለባቸው ክፍሎች የአንዱ) ብቻ ከሆነ ልብ ይችለዋል፤ ባለቤቱም ዕድሜውን ሙሉ ላያውቀው ይችላል።

መንገድ የሳተው ደም መልስ ዕጢው ካለበት ሎብ የሚወጣ ከሆነ ለይቶ ማሰር ይበቃል፤ ሎቡ ሲወጣ ችግሩም አብሮ ይወገዳል። የሚያሰጋው በሚቀረው ሎብ ላይ ሲሆን ነው። የወጣው ሎብ ድርሻ የነበረው ደም ወደ ቀሪዎቹ ይዞራል፤ በተሳሳተው መንገድ የሚመለሰውም ይጨምርና ቀኝ ልብን ያደክማል። አንድ ሙሉ ሳንባ ሲወጣማ የባሰ ነው።

ስለዚህ የራዲዮሎጂ ሪፖርቱ ዕጢውን ብቻ ለክቶ ማብቃት የለበትም። በኮንትራስት (ደም ሥሮችን አጉልቶ በሚያሳይ በመርፌ የሚሰጥ ፈሳሽ) በተነሳና ቁራጮቹ 1 ሚሊሜትር ገደማ በሆኑ ሲቲ ስካን የየሎቡ ደም መልስ፣ የጤነኛው ወገን ጭምር፣ እስከ ልብ ድረስ ይታይ። ጉድለቱ በሚቀረው ሎብ ላይ ከተገኘ የልብ አልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) መለካት ይከተላል። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ወደ ሰውነት ከሚሄደው 1.5 እጥፍ ከበለጠ፣ ደም መልሱን ወደ ግራ ልብ አዙሮ መስፋት ከቀዶው ጋር አብሮ ይታሰባል። ከዚያ ካነሰ፣ የሚወጣውን ሎብ ደም ቅዳ ለጊዜው ቆንጥጦ ግፊቱን መከታተል ይጠቅማል።

ሌላም ወጥመድ አለ። በግራ በኩል የላይኛውና የታችኛው ደም መልስ አንዳንዴ ልብ ከመድረሳቸው በፊት ተገናኝተው አንድ ግንድ ይሆናሉ። በካሜራ የሚሠራ ሐኪም ግንዱን የላይኛው ብቻ መስሎት በስቴፕለር (ሥሩን ሰፍቶ በሚቆርጥ መሣሪያ) ከቆረጠው፣ ታችኛው ሎብ መውጫ አጥቶ በደም ይሞላል፤ በጊዜ ካልተጠገነ እሱም ሊወጣ ነው። የታችኛው ለብቻው ሳይታይ ስቴፕለር አይተኮስ!

ከቀዶው በኋላ ቀሪው ሎብ በራጅ ነጥቶ ከታየና ታማሚው ደም ያለበት አክታ ከተፋ፣ የሳንባ ምች ነው ብሎ አንቲባዮቲክ ብቻ መስጠት አይበቃም። በኮንትራስት የሚነሳ ሲቲ ስካን በዚያው ቀን ይታዘዝ።

የደረት ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች