«መልስ፦ መ» ብቻ አይበቃም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

የቅርጽ እንቆቅልሽ ገጻችሁን እወደዋለሁ። ጋዜጣው እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምገልጠው እሱን ነው፤ ዜናው ይደርሳል። ቅሬታዬ መልሱ ላይ ነው። በሚቀጥለው እትም «መልስ፦ መ» ብላችሁ ታልፋላችሁ። ለምን መ? ያላገኘው ሰው ምን እንዳመለጠው ሳይገባው ይቀራል፤ ያገኘውም ቢሆን ገምቶ ሊሆን ይችላል።

ምሳሌ ልስጥ። ሦስት በሦስት ዘጠኝ ሳጥን አለ፣ የመጨረሻው ባዶ ነው፤ የረድፎቹን ሕግ አግኝቶ ባዶውን የሚሞላውን ከምርጫዎቹ መለየት ነው። በመጀመሪያው ረድፍ አንደኛው ሳጥን ክብና በውስጡ ቁም መስመር፣ ሁለተኛው ክብና በውስጡ መስቀል (ቁምና አግድም መስመር)፣ ሦስተኛው አግድም መስመር ብቻ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ቅርጽ ማዞር ይጀምራል፤ የሚዞር ነገር ግን የለም። «ከሁለተኛው አንደኛውን ቀንስ» ቢባል ያስኬዳል። «ሁለቱ የሚጋሩት ይጥፋ፣ የማይጋሩት ይቅር» ቢባልም እኩል ያስኬዳል! የሚለየው ሁለተኛው ረድፍ ነው፦ ሦስት ማዕዘን ከነጥብ ጋር፣ ሦስት ማዕዘን ከመስመር ጋር፣ ከዚያ ነጥብና መስመር። መቀነስ ቢሆን ኖሮ መስመሩ ብቻ ነበር የሚቀረው። ይቺን ሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ምን ያህል ቦታ ይፈጃል?

ደግሞ ጥያቄውን ሳያዩ ምርጫዎቹን ብቻ አይተው የሚመልሱ አሉ። ስህተቶቹ ከትክክለኛው መልስ አንድ አንድ ነገር እየተቀየረ ስለሚሠሩ፣ ሌሎቹን ሁሉ በብዛት የሚመስለውን መምረጥ ነው እንግዲህ። ብልጠት ነው፣ እንቆቅልሽ መፍታት ግን አይደለም።

ቅደም ተከተሉም ቢታሰብበት። ጆን ሬቨን በ1938 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የታወቀው የቅርጽ ፈተና 60 ጥያቄዎች አሉት፣ በአምስት ክፍል አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሆነው፣ በየክፍሉ ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳሉ፤ የፊተኛው ለኋለኛው ያለማምዳል። እናንተ ጋ ግን አንዱ ከባድ፣ ቀጣዩ የልጅ ጨዋታ።

አንዳንዴ ደግሞ የቦንጋርድን ዓይነት ሞክሩልን። ሶቪየታዊው ሚኻይል ቦንጋርድ በ1967 እ.ኤ.አ. መጽሐፉ መቶ እንዲህ ያሉ እንቆቅልሾች አውጥቷል። በግራ ስድስት ሥዕል፣ በቀኝ ስድስት ሥዕል፤ የግራዎቹን ከቀኞቹ የሚለየውን መናገር ነው። ምርጫ ስለሌለው ግምት አያዋጣም፣ መልሱ ራሱ ምክንያቱ ነው።

ቦታ የለንም እንዳትሉኝ፣ ኮከብ ቆጠራውን ቆረጥ አድርጉት።

የዘወትር አንባቢያችሁ