እማዬ፣ ስለ እንግሊዞቹ የጸሎት መጽሐፍ ልንገርሽ

እማዬ እንደምን ከረምሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ትንሽ ስለሚረዝም የእህቴ ልጅ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ባለፈው በስልክ «እዛ እንግሊዞቹ ቤተክርስቲያን ምን ትሰሪያለሽ፣ ሃይማኖትሽን ቀየርሽ እንዴ» ያልሽኝ ከልቤ አልወጣም። አልቀየርኩም እማዬ። የምሠራበት ኬር ሆም፣ ማለት የአረጋውያን መጦሪያው ውስጥ፣ የምንከባከባቸው አንድ ሴትዮ አሉ፣ አይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፣ እሁድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ያለው ቅዳሴ እንዲያመልጣቸው አይፈልጉም፣ በዊልቸር የምወስዳቸው እኔ ነኝ።

የሚጸለየው ከድሮው የጋራ ጸሎት መጽሐፋቸው ነው። መጀመሪያ የተጸለየበት በነሱ አቆጣጠር በ1549 በጰራቅሊጦስ ዕለት ነው፣ ከዛ በፊት ጸሎቱ ላቲን ስለነበር ብዙው ሰው ቆሞ ይሰማል እንጂ አይገባውም፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ክራንመር ነው በሀገሩ ቋንቋ ያዘጋጀለት። ዴቨንና ኮርንዋል ያሉት ደግሞ የለመድነውን አምጡ ብለው አመጹ፣ ብዙ ሰውም አለቀ። ክራንመርንም በኋላ ካቶሊኳ ንግሥት ሜሪ ስትነግሥ በ1556 ኦክስፎርድ ላይ በእሳት አቃጠሉት። መጽሐፉ ግን እየተከለከለ እየተመለሰ ቆየ፣ አሁን የሚጸልዩበት የ1662ቱ ነው።

የማታው ጸሎት ውስጥ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ያ አንቺ ከውዳሴ ማርያም አስከትለሽ የምትጸልዪው «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» አለ እኮ! እመቤታችን ኤልሳቤጥ ቤት የጸለየችው፣ በየቀኑ ማታ ይባላል፣ ቀጥሎ የአረጋዊው ስምዖን ጸሎት አለ። ዳዊቱንም ለጠዋትና ለማታ ከፋፍለው በወር ይጨርሱትና እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ይሄን የማታውን ጸሎት ካቴድራሎቹ ውስጥ መዘምራን ናቸው የሚያዜሙት፣ ቢቢሲም ከ1926 ጀምሮ በሬዲዮ ያስተላልፈዋል፣ ሴትዮዋ እሱን ሲሰሙ ማንም እንዲያናግራቸው አይፈልጉም።

አሁን የጨነቀኝ ግን ይሄንን የጠዋቱን ቅዳሴ ሊያስቀሩት ማሰባቸው ነው። የሚመጣው ሰው ትንሽ ነው፣ ወጣቱ ቋንቋው አይገባውም፣ ሁሉም ረፈድ ሲል ባለው ሰርቪስ፣ ማለት በሌላው የጸሎት ፕሮግራም፣ ይጠቃለል ነው የሚሉት። ያንንም አይቼዋለሁ፣ ልጆች ይሞሉታል፣ ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም። ግን ጸሎቱ በየሳምንቱ ይለዋወጣል፣ ስክሪን ላይ ነው የሚወጣው፣ እያዩ ያነባሉ። አይን የሌለው ሰው ምን ይዞ ይመልስ? አንድ እሁድ ወስጃቸው ዝም ብለው ተቀምጠው ወጡ። በጠዋቱ ላይ ግን ካህኑ አንድ ቃል ሲጀምር እሳቸው ይቀጥላሉ፣ ኑዛዜው ላይ «ኃጢአታችንን ማሰቡ ያሳዝነናል፣ ሸክሙም ከአቅማችን በላይ ነው» የሚለው ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ከሁሉም ሰው ይበልጣል። አንቺ ፊደል ሳትቆጥሪ ውዳሴውን በጆሮሽ ብቻ እንደያዝሽው ማለት ነው። የማይለዋወጥ ጸሎት እኮ ማንበብ የማይችለውም ሰው ሀብት ነው፣ ቃሉን በየሳምንቱ ስትቀይሪው መጀመሪያ የሚቀማው እሱ ነው። ክራንመር በላቲን የተዘጋበትን ሕዝብ አፍ ለመክፈት ነው የደከመው፣ ታዲያ በሱ መጽሐፍ አፋቸው የተከፈተላቸውን ሰዎች አሁን መልሶ ዝም ማሰኘት ምን ይባላል?

ቋንቋው ከበደ ለሚሉት ደግሞ ማስተማር ነው እንጂ፣ እኔ እንኳን ከሐበሻ አገር መጥቼ እየሰማሁ ለምጄዋለሁ። በ1974 የወጣው ሕጋቸው ራሱ ይሄ መጽሐፍ አገልግሎት ላይ እንዲቆይ ያዛል፣ የትኛው ሰርቪስ የት ይደረግ የሚለውን ደግሞ ካህኑ ብቻውን አይወስንም፣ ሰበካ ጉባኤው አብሮ መስማማት አለበት። ስለዚህ ሴትዮዋ እየነገሩኝ ለጉባኤው ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። በየሳምንቱ ካልሆነ በወር ሁለቴ፣ እሱም ካልሆነ የረቡዕ ጠዋት ይሁን ብለናል፣ ጨርሶ መዘጋቱን ግን አንቀበልም። መልሱን እየጠበቅን ነው፣ በጸሎትሽ አስቢን።

አንድ ነገር ደሞ ልለምንሽ። ልጆቼ ግዕዙን የሚሰሙበት ቦታ የላቸውም፣ እኔም ግማሹን ነው የምይዘው። ውዳሴ ማርያሙን የየዕለቱን ለየብቻ በቴሌግራም ቮይስ ላኪልኝ፣ ስልኩን የእህቴ ልጅ ትያዝልሽ፣ ሳትቸኩዪ በየመሃሉ ቆም እያልሽ፣ ከኋላሽ እንዲሉት። ከሰኞው ጀምሪ።