የማርሻል አርት ሥልጠና በሜዳሊያ ብቻ አይመዘን

ለተከበራችሁ የድሬዳዋ አስተዳደር የወጣቶችና ስፖርት ሥራ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በሳቢያን አካባቢ ለታዳጊዎች ቴኳንዶ የማሠለጥን የከተማው ነዋሪ ነኝ። የምጠይቀው በወጣቶች ስብዕና መገንቢያ ማዕከላትና በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አዳራሾች ለማርሻል አርት ሥልጠና ቋሚ ሰዓት እንዲመደብ፣ አሠልጣኞችም በጥብቅ ተመዝነው እንዲገቡ ነው።

የድሬዳዋን ከሰዓት በኋላ ታውቁታላችሁ። ትምህርት ሲያበቃ ሙቀቱ ገና አልበረደም፤ ትልልቆቹ በርጫ ላይ ናቸው፤ ታዳጊውም የሚሠራው ሲያጣ ወደዚያው ይሳባል። ጫት ለብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ መሆኑን አልክድም፤ የ14 ዓመት ልጅ ግን ሌላ የሚሄድበት ደጅ ሊኖረው ይገባል።

ጫማውን አውልቆ ወደ አዳራሽ የሚገባ ሠልጣኝ አስቀድሞ የሚማረው ሰላምታ ነው፤ ለአሠልጣኙም፣ በዕድሜ ለሚያንሰው ጓደኛውም ጎንበስ ይላል። ከወራት በኋላ የሁለትዮሽ ልምምድ ሲጀምር ደግሞ በፍጥነት የሰነዘረውን እግር ከባልደረባው ፊት አንድ ስንዝር ሲቀረው እንዲያቆም ይጠበቅበታል። ለእኔ የሥልጠናው ልብ ይህ ነው። ቁጣ ይዞት የመጣ ልጅ እግሩን በልኩ ማቆም ስለማይችል ወዲያው ይታወቃል፤ አሠልጣኙም እዚያው፣ በጓደኞቹ ፊት ሳያዋርደው ያርመዋል።

ሆኖም ማንኛውም ሥልጠና ልጅን ያንጻል ብዬ አልሟገትም። ማይክል ትሩልሰን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት ሕግ በመተላለፍ የታወቁ ታዳጊዎችን በሦስት ቡድን ከፍሎ ለስድስት ወር ተከታትሏቸው ነበር፤ ቴኳንዶን ከነሥነ ምግባሩ የተማሩት ጠበኝነታቸው ሲቀንስ፣ ድብድቡን ብቻ የተማሩት ግን ብሶባቸው ተገኝቷል። ጥናቱ በጥቂት ልጆች ላይ የተሠራ ቢሆንም ከማየው ጋር ይስማማል፤ ስለዚህ ፈቃድ ስትሰጡ የአሠልጣኙን የቀበቶ ደረጃ ብቻ ሳይሆን ከልጆች ጋር ያለውን አያያዝ፣ የሥነ ምግባር ታሪኩንና የመጀመሪያ እርዳታ ዕውቀቱን እንድትመረምሩ እለምናለሁ።

በቶኪዮ ኦሎምፒክ ሰለሞን ቱፋ አገራችንን በቴኳንዶ መወከሉ ለሠልጣኞች ትልቅ ኩራት ነው። ነገር ግን ከአንድ አዳራሽ ለዚያ የሚደርስ አንድም ልጅ ላይኖር ይችላልና፣ ድጋፋችሁ በውድድር ውጤት ብቻ ከተወሰነ ብዙኃኑ ሠልጣኞች ከዕቅዳችሁ ውጭ ይቀራሉ። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ነው፤ ጠባይ የሚያዘው ግን ከዚያ በፊት በመሆኑ መርሐ ግብሩ ከ10 ዓመት ጀምሮ እንዲቀበል እጠይቃለሁ። ለሴት ልጆች ወላጅ ሳይሰጋ የሚልክበት፣ ከመምሸቱ በፊት የሚያልቅ ሰዓት ይመደብ፤ መክፈል ለማይችሉም በነጻ ይሁን።

ለመጀመር አንድ አዳራሽና ንጹሕ ምንጣፍ ይበቃል። ቦታው ከተፈቀደልን እኔና የሙያ ባልደረቦቼ ያለክፍያ ለማስተማር፣ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክትትልና ጠባይ ከወላጆችና ከመምህራን ጋር እየመዘገብን በየሴሚስተሩ ሪፖርት ለማቅረብ ዝግጁ ነን። ምላሻችሁን በአክብሮት እንጠብቃለን።