የመዋቢያ ቀማሚዎች በወር አንዴ ቢገናኙስ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ሰሞኑን በአገር ውስጥ ስለሚሠሩ የፀጉር ቅባቶች፣ ሻምፖዎችና የፊት ክሬሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ወጣቶቹ ከጓዳ ተነስተው ሱቅ መደርደሪያ ላይ መድረሳቸው ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ሳይነሳ ቀረ። እነዚህ ልጆች ሥራው ሲበላሽባቸው ማንን ነው የሚጠይቁት?

እኔ ኬሚስት ነኝ። እንጀራዬን የምበላው ፈሳሽ ሳሙናና ሎሽን ከሚያመርት ድርጅት ነው። በዚህ ከተማ እንደ እኔ ሲያሞቅ፣ ሲለካና ሲያማስል የሚውል ሰው ብዙ ነው። ግን አንዱ ሌላውን አያውቅም። መርካቶ የኬሚካል ሱቅ ደጃፍ ላይ ቴክሳፖን፣ ማለትም ለሳሙናና ለሻምፖ አረፋ የሚሰጠውን ጥሬ ዕቃ፣ ስንገዛ ጎን ለጎን እንቆማለን። ማን ምን እንደሚሠራ አንጠያየቅም። ድንገት ብንጠያየቅም መልሱ «ለቤት ነው» የሚል ነው። ሰውዬው በርሜል እያስጫነ «ለቤት ነው» ይላችኋል።

አሜሪካኖቹ ለዚህ መላ ያበጁት ገና በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። የኮስሞቲክስ ኬሚስቶች ማኅበር አቋቋሙ። በ1947 ደግሞ የራሱን ጆርናል ማሳተም ጀመረ፤ ጆርናሉ ስሙን ቀይሮ እስከ ዛሬ ይወጣል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ጆርናሉ አይደለም። ቅርንጫፎቹ ናቸው። ኒው ዮርክ የራሱ ቅርንጫፍ አለው፣ ካሊፎርኒያም እንዲሁ፣ ካናዳ ውስጥም አሉ። የቅርንጫፍ ሥራ ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። ሰዎች ከሥራ ወጥተው ይገናኛሉ። እራት ይበላሉ። አንድ ሰው ተነስቶ ስለ አንድ ጉዳይ ይናገራል፤ ስለ ፀሐይ መከላከያ ወይም ስለ ሻምፖ አረፋ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥያቄ ይጎርፋል። ሊቀመንበሩም ገንዘብ ያዡም የየራሳቸው ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ማኅበሩን የሚያገለግሉት በትርፍ ጊዜያቸው ነው። የኒው ዮርኩ ቅርንጫፍ በየዓመቱ የጥሬ ዕቃ አቅራቢዎችን ሰብስቦ ትልቅ ኤግዚቢሽን ያዘጋጃል።

እኛ አገር ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጽዋ ማኅበር በምን ይለያል? ወር ጠብቆ መገናኘት፣ ተራ ገብቶ መደገስ፣ የቀረውን ሰው «ምን ነካው» ብሎ መጠየቅ እናውቅበታለን። የጎደለን በሙያችን መሰብሰቡ ነው።

በዓለም ደረጃም እንዲህ ያሉ ማኅበራትን የሚያስተሳስር ፌዴሬሽን አለ። የተመሠረተው በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ አባል ናት፤ የ2012ቱን ጉባኤም ጆሃንስበርግ ላይ አስተናግዳለች። የደቡብ አፍሪካው ማኅበር ፎርሙላ መሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጣል። እኛ ጋ አንድ ሰው ክሬም መሥራት ሲያምረው የሚማረው ከቲክቶክ ነው።

ቲክቶክን ማጣጣሌ አይደለም፤ እኔም አያለሁ። ግን የሚያስተምረውና የሚዘለው ነገር አለ። አራት ኪሎ አንዲት ልጅ የሠራችውን የፀጉር ክሬም አምጥታ አሳየችኝ። የእሬት ጭማቂ፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትና ለጋ ቅቤ ያለበት ነው። ማሸጊያው ያምራል፣ ስሙም ያምራል። ክዳኑን ስከፍተው ከውስጥ በኩል እንደ አቧራ ያሉ ግራጫ ነጠብጣቦች አሉ። ሽታው የቅቤ ብቻ አይደለም፤ ኮምጠጥ ያለ ነገር ተደርቦበታል። «ፕሪዘርቫቲቭ ምን ጨመርሽ?» አልኳት፤ ክሬሙን ከሻጋታና ከባክቴሪያ የሚጠብቀውን ማለቴ ነው። «ቫይታሚን ኢ» አለችኝ፣ ኮራ ብላ።

ይህን መልስ ከስንት ሰው ሰምቻለሁ። ቫይታሚን ኢ ዘይቱ ቶሎ አርጅቶ እንዳይሸት ይረዳል እንጂ ሻጋታም ባክቴሪያም አይገድልም። ውሃ የሌለው ንጹሕ ዘይት ቢበዛ አርጅቶ ይሸታል፤ ተህዋስያን እንደልባቸው አይራቡበትም። የእሬት ጭማቂ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ለጋ ቅቤም ካልነጠረ ውሃ አለበት። ውሃ ባለበት ደግሞ ተህዋስያንም አሉ። ከእነዚህ መካከል ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ ዓይን ውስጥ ከገባ ብርሃን እስከማሳጣት ይደርሳል። ሶዲየም ቤንዞኤት የሚባለው ፕሪዘርቫቲቭ ቢጨመር ደግሞ ፒኤቹ (የኮምጣጣነት መለኪያው) ወደ 5 ወይም ከዚያ በታች ካልወረደ እምብዛም አይሠራም። ፊኖክሲኢታኖል የሚባለው ሌላው ፕሪዘርቫቲቭ ፒኤች ብዙም አይመርጥም፤ አውሮፓውያን ከ1 በመቶ በላይ እንዳይጨመር ከልክለዋል።

ልጅቷ ሰነፍ አይደለችም። ይህን ሁሉ ስነግራት በስልኳ ትጽፍ ነበር። የነገራት ሰው ስላልነበረ ነው። በወር አንዴ የሚሰበሰብ ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮ ይህ የመጀመሪያው ምሽት ወሬ በሆነ ነበር፤ እሷም ክሬሙን ከመሸጧ በፊት በሰማች ነበር።

የፕሪዘርቫቲቭ ፈተና ደግሞ አለ። ምርቱ ውስጥ ሆን ተብሎ ባክቴሪያና ሻጋታ ይጨመርና እስከ 28 ቀን እየተቆጠረ ይታያል። ቁጥሩ ካልወረደ ፎርሙላው ወድቋል። አንድ ጀማሪ ይህን ብቻውን ላሠራ ቢል ወጪው ይከብደዋል። አሥር ሰው ተሰብስቦ ከአንድ ላቦራቶሪ ጋር ቢነጋገር ግን ሌላ ነው። ዋጋ የሚከራከር ማኅበር ለአባሉ ከሰርተፍኬት ይበልጣል።

ሌላው የእኛ ቤት ጣጣ ጨው ነው። ፈሳሽ ሳሙና የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ገዢው ጥራትን የሚለካው በውፍረት ነው፤ ጠርሙሱን ገልብጦ ቀስ ብሎ ከወረደ «አሪፍ ነው» ይላል። ስለዚህ ጨው እንጨምራለን። ቴክሳፖን ጨው ሲያገኝ ይወፍራል። ግን ልክ አለው። ልኩን ካለፈ ተመልሶ ይቀጥናል። ሠራተኛው ሲቀጥን አይቶ ጨው አነሰ ብሎ ይጨምራል፤ ይብስ ይቀጥናል። ማታ ላይ በርሜሉ ሙሉ ውሃ የመሰለ ነገር ይዛችሁ ትቀራላችሁ። ውሃውም የራሱ ጠባይ አለው። ከለገዳዲ ግድብ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚወጣው አንድ አይደለም፤ የጉድጓዱ ማዕድን ይበዛበታል። ትናንት የሠራው የጨው መጠን ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ይህን የሚነግራችሁ መጽሐፍ ሳይሆን አቃቂ አካባቢ የሚሠራ ሰው ነው። እሱን የት ታገኙታላችሁ?

የአዲስ አበባ አየርም ያታልለናል። እዚህ ብርድ ላይ መደርደሪያ ሙሉ ክሬም ቆሞ ሲታይ የማይበገር ይመስላል። አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሠመራ ወይም ጋምቤላ ሲደርስ ዘይቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ይሆናል። ዕቃው ይመለሳል፣ ነጋዴው ይጮሃል። ሌላው ዓለም ምርቱን 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ለሦስት ወር ያህል አስቀምጦ ነው ለገበያ የሚለቀው። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሙቀቱ የሚስተካከል ማሞቂያ ሳጥንና ትዕግሥት ነው። ማሞቂያውን በጋራ መግዛት ይቻላል። ትዕግሥቱን እንኳ እንጃ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር ልምጣ። ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች። የቆዳ ሐኪም የምታውቁ ጠይቁ፤ ጉዱን ይነግራችኋል። በሐኪም ትእዛዝ ብቻ መሰጠት ያለበት ክሎቤታሶል የተባለ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒት እንደ ተራ ቅባት ይቀባል። ለጊዜው ፊት ያጠራል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፣ ብጉር ይወርሳል። ሲተዉት ደግሞ ይብስበታል። ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኩዊኖን የሚባል ኬሚካል አለ። ሜርኩሪም አለ፤ ኩላሊት ይጎዳል። ሜርኩሪ የተጨመረባቸው መዋቢያዎች እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ከምርትም ከንግድም እንዲወጡ ሜርኩሪን የሚመለከተው የሚናማታ ዓለም አቀፍ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 ወስነዋል።

ሕግ የለም እንዳይባል አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያዎችን በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ሥር አድርጓል። ግን ተቆጣጣሪ በየጓዳው ሊገባ አይችልም። ማን ከምን ጋር እንደሚቀላቅል ከሁሉ በፊት የሚሰማው የሙያው ሰው ነው። ጥሬ ዕቃ ሻጩ ያውቃል። ጎረቤት ያለው አምራች ያውቃል። ዛሬ ቢያውቅም ዝም ይላል፤ ለማንና በምን ስም ይናገር? ጓደኞቹ ፊት ተቀምጦ «እኔ ስቴሮይድ አላስገባም» ያለ ሰው በማግሥቱ ለማስገባት ትንሽ ያፍራል። እኔ በዚህች እፍረት አምናለሁ።

ሁለት ተቃውሞ ይነሳብኛል። አንደኛው ምስጢር ነው። የሥር ማሽና የቅጠል በጣሽ ልጆች ነን፤ አባት መድኃኒቱን ለልጁ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው። ፎርሙላዬን ላካፍል እንዴ ይሉኛል። ማንም ፎርሙላ አልጠየቀም። ኒው ዮርክ ላይ እራት የሚበሉት ሰዎችም ጠዋት ጠዋት የሚፎካከሩ ድርጅቶች ሠራተኞች ናቸው። የሚነጋገሩት ሁሉም ስለሚቸገሩበት ነገር ነው፤ ስለ ፈተናው፣ ስለ ሕጉ፣ ስለ አዲሱ ጥሬ ዕቃ። የሽቶሽን ቅመም ለራስሽ ያዢው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። «ማኅበር ሲባል ታውቀዋለህ፤ ማኅተም፣ ሊቀመንበር፣ ከዚያ አበል» ይሉኛል። እውነት ነው። ባነር ተሰቅሎ፣ ውሃ ተደርድሮ፣ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ባዶ የሆነበትን ስብሰባ ሁላችንም አይተናል። ለዚህ ነው ቢሮ ይከራይልን የማልለው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበር ለመመሥረት አምስት ሰው ይበቃል ይላል። መጀመሪያ አምስታችን ለአንድ ዓመት በየወሩ እንገናኝ። ከተረፍን ያኔ ማኅተሙን እናስቀርጻለን። ወይ ደግሞ የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር ጥላ ሥር አንድ ክፍል ሆነን እንግባ። እሱ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቡለቲኑን ሲያሳትም የኖረ ነው፤ ስም አለው። የእሱ ዓለም የተመራማሪ ነው፣ የእኛ የበርሜልና የማማሰያ። ቢተዋወቁ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የምናወራው ነገር አያልቅብንም። ይህ አገር እኮ ለሽቶ ዓለም ሩቅ አይደለም። የጥርኝ ዝባድ በቀንድ ታሽጎ ወደ ፈረንሳይ ሲጫን የኖረው ከዚህ ነው። የዝባድን ጠረን የሚሰጠውን ውሁድ አወቃቀር የፈታው ኬሚስቱ ሩዚችካ በ1939 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚ ሆኗል። እኛ ቀንዱን ሸጥን። ዕጣንና ከርቤም እንደዚያው በጆንያ ይሄዳሉ። ሰማችን ከጧፍ አልፎ ክሬም ያረጋል። እንሶስላ፣ አሪቲ፣ ወይባ፣ እንዶድ ሁሉም የራሳቸው ኬሚስትሪ አላቸው። እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ውስጥ ወንዝ ዳር ያስተዋሉት ዶክተር አክሊሉ ለማ ነበሩ፤ ነገሩ የጀመረው ልብስ ከሚያጥቡ ሴቶች ነው። ነጠላ የሚያነጣው አረፋና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የሚባለው ነገር ነው። ይህንን አንድ ምሽት ሙሉ ብናወራው አይሰለችም።

ቦታውን በተመለከተ መሀል ከተማ ይሁን። አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲው አለ፣ ኬሚስቶቹ እዚያው ናቸው። የፋርማሲ ሰዎች ከጥቁር አንበሳ በኩል ይመጣሉ። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ በፒያሳ በኩል በታክሲ ይደርሳል። ፒያሳ እንኳ ድሮ ቅባትና ሽቶ የምንገዛባቸው ሱቆች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ መንገዱ ግን ሰፍቷል፣ በእግርም ይሞከራል። አዳራሽ አንፈልግም። ማታ ማታ ጠረጴዛ ገጥሞ የሚያስቀምጠን ምግብ ቤት ይበቃል።

ቀኑ ሐሙስ ቢሆን ይሻላል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ክትፎ ያማረው ሰው ያኮርፋል። ቅዳሜ መርካቶ ገበያው ስለሚደራ አቅራቢዎቹን አናገኛቸውም። ሰዓቱ ከምሽቱ 12፤ ሒሳብ እንደየበላው። የመጀመሪያውን ምሽት ርዕስ እኔ እችላለሁ፤ ስለ ፕሪዘርቫቲቭ። ሁለተኛውን ስለ ጨው የአቃቂው ሰውዬ ይውሰድልኝ። መምጣት የሚፈልግ ካለ በእናንተ በኩል ይጻፍልኝ፤ አድራሻዬ ዝግጅት ክፍሉ ጋ አለ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሳሙናና የሎሽን ኬሚስት
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ