ጨው የሚወደው አትክልት

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? የድሬ ሙቀት ብሷል አሉኝ። እባክሽ በቀትር ቀፊራ ገበያ አትውረጂ።

ባለፈው በስልክ አይተሽ «ይሄ ምንድን ነው?» ያልሽኝ አረንጓዴ ነገር ሳሊኮርኒያ ይባላል። እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ኖርፎክ፣ ባህሩ ሲሸሽ በሚቀረው ጭቃ ላይ ይበቅላል። ቅጠሉ አይታይም። ግንዱ አንጓ አንጓ ያለው፣ ውሃ የቋጠረ፣ ስትነክሺው ቀጭ የሚል ነው። ድሮ አመዱን ለመስታወት መሥሪያ ይጠቀሙበት ነበር። የዚሁ ተክል ዘመድ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ ምጽዋ አጠገብ በባህር ውሃ ለምቶ ነበር። ምጽዋን ከቻለ ድሬንም ይሞክራታል ብዬ ነው ዘሩን በሰው የምልክልሽ።

ናና በተከልሽበት ዓይነት የተቆረጠ ጀሪካን ይበቃዋል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ አጥበሽ ከብስባሽ ጋር ቀላቅዪው። ዘሩ እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው። ብርሃን ስለሚፈልግ ከላይ በትኚው እንጂ አትቅበሪው። እስኪበቅል በንጹህ ውሃ ብቻ አርጥቢው፤ ጨዉን የሚወደው ካደገ በኋላ ነው። ጠንከር ሲል በአንድ ሊትር ውሃ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው እያሟሟሽ አጠጪው፤ አዮዲን ያልገባበት ይሁን። ያ ውሃ ግን ሎሚሽ ሥር ጠብ እንዳይል፣ አደራ! ያደርቀዋል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ተክሉ የሚያብበው ቀን ሲያጥር ነው። እዚህ በበጋ ቀኑ በጣም ስለሚረዝም ተዝናንቶ ያድጋል። ድሬ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀንና ሌሊቱ ተቀራራቢ ነው፤ ገና ትንሽ ሳለ ሊያብብ ይችላል። ካበበ ደግሞ ውስጡ እንጨት ይሆናል። ስለዚህ አትሳሺለት። ግማሽ ስንዝር ሲሆን ጫፍ ጫፉን በመቀስ ቁረጪ። ሥሩን ካልነካሽው መልሶ ያቆጠቁጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። አጥበሽ በፈላ ውሃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀቅለሽ በነጭ ሽንኩርትና በቅቤ ጠበስ ማድረግ ነው። ጨው አይጨመርበትም።

እማዬ፣ ሐኪሙ ለግፊትሽ ጨው ቀንሺ ብሎሻል። «ይሄማ አትክልት ነው» ብለሽ እንደ ጎመን ሳህን ሙሉ እንዳትበዪ። ውስጡ ያለው ያው ጨው ነው። ወጥሽ ላይ ጨው በምትጨምሪበት ፋንታ ጥቂት ከትፈሽ ጣል አድርጊ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን በጭራሽ! ከዚያ በፊትም ሐኪሙን ጠይቂው። ክኒንሽንስ ሳታቋርጪ እየዋጥሽ ነው? እሁድ ስደውል ይህንን መጀመሪያ ንገሪኝ።

ልጅሽ