ስለ አባባ ሰንጢ

ኮሎኝ፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንዴት ነህ ወንድሜ? እማማስ እንዴት ናቸው? ጉልበታቸው ተሻላቸው? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቃል ሳልጽፍልህ ቀረሁ። ስትደውል አላነሳሁም። በየበዓሉ «እንኳን አደረሰህ» ብለህ የላክልኝን እያየሁ ዝም አልኩ። ሥራ በዛብኝ፣ የሰው አገር ኑሮ አላፈናፍን አለኝ ብል ታምነኝ ነበር። እውነቱ ግን እሱ አይደለም። በአባባ ሰንጢ አፍሬ ነው።

ቦሌ ላይ የሰጠኸኝን ቀን አልረሳውም። ሻንጣዬን ከፍተህ፣ በካልሲ ጠቅልለህ ከልብሱ ሥር ሸጎጥካት። «ብረቷ ላይ ዞሊንገን ይላል። ያንተ ሰፈር አጠገብ ነው አሉ። የተሠራችበት አገር ወስደህ አስላትና አምጣልኝ፤ ከአባባ የቀረችኝ እሷ ናት» አልከኝ። እውነትህን ነው፤ ዞሊንገን ከዚህ በባቡር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። እኔ ግን እዚያ ድረስ መሄድ ሰነፍኩ። ቤቴ አጠገብ ጫማ የሚጠግን፣ ቁልፍ የሚቀርጽ፣ ቢላዋም የሚስል አንድ ሱቅ አለ። አንድ ቅዳሜ ወስጄ ሰጠሁት።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ሰንጢዋን ከፈታትና በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ደረቅ ድንጋይ ላይ አስደገፋት። ብልጭታው እስከ መስኮቱ ተረጨ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እያብረቀረቀች መለሰልኝ፤ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ አየኋት። ስለቷን ተከትሎ፣ ከጫፏ እስከ ሥሯ፣ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ወጥቶባታል። የርግብ አንገት ታውቃለህ አይደል? እንደሱ ወደ ሐምራዊም ይጫወታል። ውብ ቀለም ነው። ምን ማለት እንደሆነ አላወቅሁም። ማታ ሽንኩርት ልከትፍ ያዝኩ። መጀመሪያ እንደ ቅቤ ቆረጠችው። አንዱን ራስ ሳልጨርስ መጨፍለቅ ጀመረች። መልሼ ሞረድኳት፤ መልሳ ዶለዶመች። እንዲህ እየሆነች ሳምንት አለፈ።

ሰማያዊው ቀለም ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሰፈራችን የነበሩትን ቀጥቃጭ ላስታውስህ። ብረቱን ፍም እስኪመስል ያግሉትና ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ብረቱ ያኔ እንደ ጠርሙስ ይጠነክራል፤ ግን እንደ ጠርሙስም ይሰበራል። ስለዚህ እንደገና በቀስታ ያሞቁታል። የገለባ ቀለም ሲይዝ ያቆማሉ። ያ ቀለም ሲመጣ ሙቀቱ ከ220 እስከ 240 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። እዚያ ላይ ብረቱ ጥንካሬውን እንደያዘ ስብራቱን ይተዋል። ሙቀቱ አልፎ ወደ 300 ከተጠጋ ግን ብረቱ ሰማያዊ ይሆናል፣ ይለሰልሳል። ስለት ደግሞ ወረቀት የሚያህል ስስ ነው። ደረቅ ድንጋይ ላይ በዓይን ጥቅሻ ይግላል። አንዴ ከለሰለሰ በኋላ ውሃ ብታፈስበት አይመለስም።

ያ ሰውዬ የአባባን ሰንጢ አቃጠላት። የሰጠሁት ግን እኔ ነኝ። ምን ብዬ ልንገርህ? «ነገ እደውላለሁ» ስል ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት ሆነ።

በመጨረሻ ዞሊንገን ሄድኩ። አስቀድሜ መሄድ የነበረብኝ ቦታ! ከተማው ከድሮ ጀምሮ በስለት የኖረ ነው። «ዞሊንገን» የሚለውን ስም ቢላዋ ላይ መጻፍ የሚችለው እዚያው የተሠራ ብቻ እንደሆነ ከ1938 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ግሬፍራት በሚባለው ሰፈር፣ ድሮ ገዳም በነበረ ሕንፃ ውስጥ፣ የስለት ሙዚየም አለ። ሰይፉም፣ ምላጩም፣ የገበታ ቢላዋውም በየዘመኑ ተደርድሯል። እኔን የያዘኝ ግን ቩፐር ወንዝ ዳር ያለው የድሮ መሳያ ቤት ነው። ወንዙ የእንጨቱን መዘውር ይገፋል፤ መዘውሩ ከሰው ወገብ በላይ የሆነ የአሸዋ ድንጋይ ያዞራል። የሚስሉት ሰዎች ድንጋዩን እያረጠቡ ነበር የሚሠሩት። ውሃው ብረቱን ያቀዘቅዘዋል። በደረቁ ሲስሉ ደግሞ አቧራው ሳንባቸውን ይበላው ነበር፤ ብዙዎቹ በወጣትነታቸው በዚያ በሽታ ሞተዋል። የአባባን ሰንጢ የሳለው የመጀመሪያ ሰው ምናልባት እንዲህ ካለ ቤት ውስጥ ነው ያጎነበሰው። እጄን ኪሴ ከትቼ ያዝኳትና እዚያው ለረጅም ጊዜ ቆምኩ።

ከዚያ ተመልሼ የጃፓን የውሃ ድንጋይ ገዛሁ። መማር የጀመርኩት በወጥ ቤት ቢላዋ ነው። ስምንት ወር እስኪሞላ የአባባን ሰንጢ አልነካኋትም። እጄ እስኪረጋ ጠበቅሁ።

ሲሆንልኝ ጀመርኳት። የተቃጠለውን ብረት ማውጣት ነበረብኝ። ሌላ መላ የለውም፤ ጤነኛው ብረት እስኪገኝ መፋቅ ነው። ሻካራው ድንጋይ ላይ፣ በእጅ፣ ውሃ እያረጠብኩ አምስት ማታ ሠራሁባት። በሦስተኛው ማታ ሰማያዊው ከዓይን ጠፋ፤ ግን ከሥሩ ያለውም ለስልሶ ሊሆን ይችላል ብዬ ቀጠልኩ። ወደ ሁለት ሚሊ ሜትር ወርዷል። አልደብቅህም፣ ስታያት ከድሮው ጠበብ ብላለች። ጎኗንም ማሳሳት ነበረብኝ፤ አለዚያ ስለቱ እንደ መጥረቢያ ወፍራም ይሆን ነበር። ስጨርስ ሽንኩርት ከተፍኩባት። ሁለት ኪሎ! ዓይኔ አላነባም ብዬ አልዋሽህም፣ ግን የመጨረሻውን ራስ እንደ መጀመሪያው ቆረጠችው። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወዲያው አልላክኋትም። እውነት ድና እንደሆነ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ሠራሁባት። ድናለች።

እንግዲህ መያዟን ልንገርህ። አብራት አንድ ድንጋይ እየመጣልህ ነው። በአንድ ጎኑ ቁጥር 1000፣ በሌላው 3000 ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ድንጋዩ ይልማል። ከመሥራትህ በፊት የውሃው አረፋ እስኪያቆም አሥር ደቂቃ ያህል ንከረው። እርጥብ ጨርቅ ላይ አስቀምጠው፣ እንዳይንሸራተት።

ቁም ነገሩ አያያዙ ነው። ሰንጢዋን ድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርገህ አቁማት፤ ያ 90 ዲግሪ ነው። ግማሹን አጋድማት፣ 45 ይሆናል። አሁንም ግማሹን፣ 22 አካባቢ ትደርሳለህ። ከዚያ ለአመል ዝቅ። እዚያው ላይ እጅህን አጽና። እርግጠኛ ካልሆንክ ስለቱን በማርከር ቀባውና አንድ ሁለቴ ሳላት። ቀለሙ ከተቀባው ስለት ሁሉ፣ እስከ ጠርዙ ድረስ ከለቀቀ ልክ ነህ። ጠርዙ ላይ ቀለም ከቀረ በጣም አጋድመሃታል። የጃፓኖቹ ቢላዋ ከዚህ ጋደም ይላል፣ መጥረቢያ ደግሞ ቀና ይላል፤ ለሰንጢ ግን ይኼ ይበቃል። ጫፏ ላይ ስትደርስ እጀታውን ትንሽ ከፍ አድርግ፣ እዚያ ጋ ትጎብጣለችና። ድንጋዩ ላይ የሚወጣውን ጭቃ አትጠበው፣ የሚስለው እሱ ነው።

አሁን የምነግርህን ያዝልኝ፤ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አንዱን ጎን ስትስል ብረቱ እየሳሳ ይሄድና ወደ ወዲያኛው ጎን ይታጠፋል። በዚያኛው ጎን በአውራ ጣትህ ከጀርባዋ ወደ ጠርዟ፣ ወደ ውጭ ዳስሳት። በስለቱ ላይ ግን ጣትህን በፍጹም አታስኪድ። ቀጭን ክር የመሰለ ሻካራ ነገር ይሰማሃል። ያ ክር ከሥሯ እስከ ጫፏ ካልመጣ ያ ጎን አላለቀም። ሰው ቢላዋ አልሳል አለኝ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ክሩ ሳይመጣ ስለሚያገላብጥ ነው። እኔም ስድስት ወር ሙሉ ያቃተኝ እሱ ነበር። ክሩ ሲመጣ አገላብጣት። በሌላውም ሲመጣ እጅህን እያቀለልክ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ። ከዚያ በ3000ው ጎን እንዲሁ ድገመው፤ አትጫናት። መጨረሻ ላይ የቆዳ ቀበቶ ወጥረህ ጀርባዋ እየቀደመ ጎትታት፤ ስለቷ ከቀደመ ቀበቶህን ትቆርጠዋለች።

ይኼን ስሠራ አንድ ማታ እጄ ቀጥ አለ። አባባ ትዝ አሉኝ። ደሴ፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ያቺን ጥቁር የወንዝ ድንጋይ ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ውሃ ጠብ ያደርጉባታል። ሲጨርሱ አውራ ጣታቸውን ከጀርባዋ ወደ ውጭ ያሳልፋሉ። ከዚያ ቀበቷቸውን ፈትተው አንዱን ጫፍ በጥርሳቸው ይይዙና ሰንጢዋን ያመላልሱበታል። እኛ ሸንኮራችን እስኪላጥ ቸኩለን እንቁነጠነጣለን። ለጨዋታ የሚያደርጉት ይመስለን ነበር። ክሩን እየፈለጉ ነበር! ማን እንዳስተማራቸው ብጠይቃቸው ኖሮ።

ሁልጊዜ ድንጋይ አያስፈልጋትም። ቁርጥ ልንበላ ሥጋ ቤት ስንገባ ቆራጩ ካራውን ከሞረዱ ጋር ሲያፋጨው ትሰማ የለ? እየሳለው አይደለም፤ በሥራ ብዛት የታጠፈውን ጠርዝ እያቃናው ነው። አንተም በየጊዜው ቀበቶው ላይ አሳልፋት። ጠርዙ ሲከብና ቲማቲም ላይ መንሸራተት ስትጀምር ያኔ ድንጋዩን አውጣ። ድንጋይ በእጅህ ከሌለ የቡና ስኒ ገልብጥ። የመቀመጫዋ ጠርዝ፣ ያ ያልተቀባው ሻካራው ክብ፣ ለጊዜው ይሠራል። እናቶቻችን ያውቁታል።

ብረቷ አይዝጌ አይደለም። ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም ከቆረጥክ ወዲያው እጠባትና አድርቃት። እየጠቆረች ስትሄድ አትደንግጥ፤ ያ ጥቁረት ዝገት አይደለም፣ እንዲያውም ከዝገት ይከላከልላታል። ቀይ ካየህ ግን ያ ዝገት ነው፣ ቶሎ ጥረገው። መታጠፊያዋ ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃታል። የምግብ ዘይት አታድርግባት፣ ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይይዛታል። የቀንድ እጀታዋን ውሃ ውስጥ አትዘፍዝፍ።

ሰፈር ለሰፈር እየዞረ የሚስል ሰው ለበዓል ሲመጣ የቤቱን ካራ ስጠው፣ ገጀራውንም ስጠው። እንጀራው ነው። ድንጋዩን እያረጠበ ከሠራ ጥሩ ነው። የአባባን ሰንጢ ግን ለማንም አትስጥ። ለዘመድም፣ ለባለሙያ ነኝ ባይም። ይኼን ስልህ ልቤ ይመታል።

ለገና የሚገባ ሰው አግኝቻለሁ። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ነው የሚያደርጋት፣ በእጅ ሻንጣ አያሳልፏትም። በዚያችው ባንተ ካልሲ ጠቅልያታለሁ። ስትቀበለው መጀመሪያ ክፈታት፤ የምትዘጋበት «ጠቅ» የሚለው ድምፅ እንደ ድሮው ነው፣ እሱን አልነካሁትም። ከዚያ እማማ ፊት አንድ ብርቱካን ላጥባት።

ቅር ካለህ ቅር ይበልህ፣ ግን ደውልልኝ። በማንኛውም ሰዓት አነሳለሁ።

የአባባ ድንጋይስ አለች? ደረጃው ሥር ነበር የሚያስቀምጧት፤ መሃሏ ጎድጎድ ያለች ናት። ካለች አንድ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ።

ያንተው